በብር መለያ መብራት አረንጓዴ የሚበራው የአያቴ ሳህን፦ ይበላበታል ወይስ አይበላበትም?

የጠባሴዋ

ጤና ይስጥልኝ። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፤ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ መልስ ለምትሰጡኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። የድሮ ባለ ቀለም ብርጭቆ፣ ሳህን፣ ጆግና የስኳር ዕቃ እሰበስባለሁ። የጀመርኩት የዛሬ 11 ዓመት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ልዋጭ የሚል ልጅ ጎረቤቴ በር ላይ ቆሟል፤ እሷ ደግሞ የማር መልክ ያላቸው ስድስት ብርጭቆዎች አውጥታ በአንድ የፕላስቲክ ሳፋ ስትለውጥ አየሁ። ልጁ ብርጭቆዎቹን ጆንያው ውስጥ ሲጨምራቸው የተሰማው ድምፅ ሆዴን አላወሰው። ጎረቤቴ ፊት ምንም አላልኩም፤ ተከትዬው ሄጄ መታጠፊያው ላይ አስቆምኩት። የሁለት ሳፋ ዋጋ ከፍዬ ጆንያውን ስንከፍተው ከስድስቱ አራቱ ደህና ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ የልዋጭ ልጆች በሬን ያውቁታል። "እትዬ፣ ባለ ቀለም አለ!" ብለው ይጣራሉ። ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ወርጄ አሮጌ ዕቃ የሚዘረጉትን እዞራለሁ። ከሰላድንጋይ፣ ከደነባ፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢት የመጣ አለኝ። ከሸዋ ሮቢት ያመጣሁትን ሰማያዊ ጆግ በመንዝ ባና ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው ጣርማበርን ያወጣሁት፤ ዋሻው ውስጥ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ትንፋሼን እይዝ ነበር። አሁን ቡፌዬ ውስጥ 63 ዕቃ አለ። ከእያንዳንዱ ሥር ነጭ ፕላስተር ለጥፌ ከየት እንደመጣና መቼ እንዳገኘሁት በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። አንዱ ሮዝ ዝርግ ሳህን "የሰላም ጓድ አስተማሪ ለአከራይዋ ትታው የሄደችው፤ የተገኘው 2009" ይላል።

ፕላስተር ያልለጠፍኩበት አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ የአያቴ ጎድጓዳ ሳህን። የማን እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ስለሚያውቅ መጻፍ አላስፈለገኝም።

አያቴ የእናቴ እናት ናት፤ የአንኮበር ቆላ፣ የአልዩ አምባ ሰው። ሳህኑን አባቷ ከአልዩ አምባ ገበያ በጠገራ ብር እንደገዛላት ደጋግማ ትነግረን ነበር። ከሦስት አጫጭር እግሮች ላይ የተቀመጠ፣ ሁለት እጅ ገጥሞ የሚይዘው ያህል ነው። ከንፈሩ እንደ ነጠላ ጥለት እየታጠፈ ይዞራል። መልኩ መብሰል የጀመረ ሎሚ ነው፤ አረንጓዴም ቢጫም አይባልም። ጎኑን በጣት ስትነኩት እንደ ሰፌድ ስፌት የተደረደረ ጉብጉብ ይሰማችኋል። ከሥሩ በክብ የተጻፈ የላቲን ፊደል አለ፤ በአጉሊ መነጽር ሳነበው "ሜድ ኢን ቼኮዝሎቫኪያ" ይላል። አንደኛው እግር አጠገብ የምስር ክክ የምታህል ሽርፍ አለችው። አያቴ ትኩስ ነገር አታደርግበትም ነበር። የነፍስ አባቷ ሲመጡ ማር ከነሰፈፉ፣ ለዓመት በዓል ዳቦ ቆሎ ይቀርብበታል። እኔም ልጅ ሳለሁ ከእሱ ውስጥ ማር በጣቴ ጠርጌ ልሻለሁ።

ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ወንድሜ ሱቅ አለው። የብር ኖቱ በ2013 ከተቀየረ ወዲህ ሐሰተኛ ብር የሚለይበት ወይን ጠጅ ብርሃን ያላት ትንሽ የእጅ መብራት ገዝቷል። ባለፈው ሳምንት ማታ መብራት ጠፍቶ እኛ ቤት በሻማ ሒሳብ ሲሠራ አንዱን ሁለት መቶ ብር ሊያይ መብራቷን አበራት። ብርሃኑ ኖቱን አልፎ ቡፌው ላይ አረፈ። የአያቴ ሳህን ቦግ አለ! ልክ ከውስጡ አምፖል የተለኮሰ ይመስል፣ እንደ ገብስ እሸት አረንጓዴ ሆኖ። ከንፈሩ ላይ ያሉት እጥፋቶች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይታያሉ። ሁላችንም ዝም አልን።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነው የእህቴ ልጅ ስልኩ ላይ ፈልጎ "ይሄማ ዩራኒየም ነው፤ የአቶም ቦምብ የሚሠራበት" አለ። እናቴ ያንን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። ሳህኑን በፌስታል ጠቅልላ ማገዶ ቤት ወሰደችው። "ነገ ለልዋጩ ስጪው፤ በእጄ ለልጆቼ ያጎረስኩት እሱ ነው" ብላ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ሳህኑ ይኸው እስከ ዛሬ ማገዶ ቤት ነው። ከሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው፤ እናቴ በማጉረሷ እንድትጸጸት አልፈልግም።

በማግስቱ ማታ ሰው ከተኛ በኋላ ቡፌውን በሙሉ በመብራቷ አየሁት። ከ63ቱ አምስቱ በኃይል አረንጓዴ ይበራሉ፣ ዘጠኙ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ አላቸው፣ አንዲት ቢጫ የስኳር ዕቃ ብርቱካን መሰል ቢጫ ታወጣለች፣ የቀሩት ምንም። የሚያበሩት ሁሉ ዩራኒየም ናቸው? ቤት ውስጥ መቀመጣቸው ልጆቹን ይጎዳል? ይበላባቸዋል? የሳህኑንስ ዕድሜ ማወቅ ይቻላል?

ሳልረሳው ደግሞ፣ ከጆንያው ያዳንኳቸው አራቱ የማር መልክ ብርጭቆዎች ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ይዟቸዋል። በኮምጣጤ ዘፍዝፌ አልለቀቀም። ምን ላድርግ?


መምህር ከመሐል ሜዳ

እህቴ፣ መጀመሪያ ለእናትሽ ይሄን ንገሪልኝ፦ ያ አረንጓዴ ብርሃን ጨረር አይደለም። ዓይናችን የማያየው የመብራቷ ብርሃን ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ዩራኒየም ይነካዋል፤ ዩራኒየሙ የተቀበለውን ዓይናችን ወደሚያየው አረንጓዴ ለውጦ ይመልሰዋል። መብራቷን ስታጠፊ ወዲያው ይጠፋል። ሁለት መቶ ብሩ ላይ ያለው ምልክት ቦግ የሚለውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ብሩን ግን ፈርቶ ማገዶ ቤት የሚጥል የለም። ብርጭቆው ጨረር ካለው፣ ያለው መብራት ሳይበራበትም ነው፤ ስለዚህ የብርሃኑ ድምቀት የአደጋው ልክ አይደለም።

ጨረር አለው ወይ? አዎ፣ አለው፤ ግን ትንሽ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ውስጥ የሚጨመረው ዩራኒየም አብዛኛውን ጊዜ ከክብደቱ 2 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ አንዳንዱ የበለጠ አለው። ዋናው ጨረሩ አልፋ የሚባለው ነው፤ እሱ አንድ ወረቀት ይበቃዋል፣ ቆዳም አያልፍም። ከዚያ የጠነከረው ቤታም ሁለት ሦስት እርምጃ ስትርቂ ይደክማል። የአሜሪካ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2001 የቤት ዕቃዎችን በመረመረበት ጥናት እነዚህን ብርጭቆዎችም አይቷቸዋል፤ ለተጠቃሚው የሚደርሰው መጠን ከአፈርና ከሰማይ በየቀኑ ከሚደርሰን ጋር ሲተያይ አነስተኛ ነው። እኛ ደጋ ላይ የምንኖር ደግሞ ከሰማይ የሚወርደው ይበዛብናል፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከባሕር ጠረፍ ሰው ከእጥፍ በላይ እንቀበላለን። ተወልደን ያደግነው እዚሁ ነው። ቡፌ ውስጥ ያለ ሳህን ልጆቹን አይጎዳም፤ እናትሽም በጉርሻዋ የምትጸጸትበት ነገር የለም።

ጥንቃቄው ምግቡ ላይ ነው። ኮምጣጣ ነገር ከብርጭቆው ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይፈታዋል። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ የቲማቲም ሰላጣ፣ ጠላና ጠጅ አታሳድሩበት። ማርም ኮምጣጣነት ስላለው እየተቀመጠ ባይከርምበት እመርጣለሁ። ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ ከረሜላ፣ ደረቅ ነገር ሁሉ ችግር የለውም። ሽርፏን በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ላስተካክል እንዳትዪ! ብናኙ ወደ ሳንባ ከገባ አልፋ ያኔ ነው ጠላት የሚሆነው። ሽርፉ ከሥር በኩል ከሆነና ምግብ ካልነካው ተይው።

ሁሉም ዩራኒየም ናቸው ወይ ላልሽው፣ አይደሉም። በኃይል የሚበሩት አምስቱ ዩራኒየም ናቸው ብዬ አስባለሁ። ደብዛዞቹ ዘጠኙ ማንጋኒዝ ይሆናሉ። አሸዋ ውስጥ ያለው ብረት ብርጭቆን አረንጓዴ ስለሚያደርገው ሠሪዎቹ ያንን ለማጥፋት ማንጋኒዝ ይጨምሩ ነበር፤ እሱ በእንዲህ ያለው መብራት ደብዘዝ ብሎ ይበራል፣ ጨረርም የለውም። ብርቱካን መሰል ቢጫ የምታወጣው የስኳር ዕቃ ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት ያለባት ትመስላለች፤ እሷን ለማየት ብቻ አስቀምጫት። የሰማያዊው ጆግሽ ቀለም ከኮባልት ነው፤ የማር መልኩ ከብረትና ከድኝ ይመጣል። ክፍል ውስጥ ለልጆቹ ይሄን ሳስተምር አንድም ባለ ቀለም ብርጭቆ በእጄ ይዤ አላውቅም፤ አንቺ 63 ይዘሻል!

ልጨምርልሽ የምፈልገው ግን ሌላ ነው፤ የአያትሽ አባት በጠገራ ገዛው ያልሽው ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ዩራኒየምን እ.ኤ.አ. በ1789 ለይቶ ስም ያወጣለት ክላፕሮት የሚባል ጀርመናዊ ነው። ብርጭቆ ማቅለሚያ አድርገው በብዛት ከተጠቀሙበት መካከል ደግሞ የቦሄሚያው (በኋላ የቼኮዝሎቫኪያ ክፍል የሆነችው አገር) ዮሴፍ ሪደል ቀዳሚ ነው፤ ከ1830ዎቹ ጀምሮ ቢጫና አረንጓዴውን አና በምትባል የቤተሰቡ አባል ስም ጠርቶ ሸጦታል። ቤክሬል ጨረርን ያወቀው በ1896 ስለሆነ ስድሳ ዓመት ያህል ሰው የሚያውቀው ቀለሙን ብቻ ነበር። ማዕድኑ ይወጣ የነበረው ዮአኪምስታል ከሚባል የቦሄሚያ ከተማ ነው። በዚያች ከተማ ከመቶዎች ዓመታት በፊት የብር ማዕድን ወጥቶ ገንዘብ ሲመታ "ታለር" የሚለው ስም ከከተማዋ ስም ተወሰደ። ማሪያ ትሬዛ ታለር፣ ማለትም የእኛ ጠገራ ብር፣ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። አስቢው እስቲ፦ የአያትሽ አባት አልዩ አምባ ላይ ቆሞ ስሟ ከዮአኪምስታል የመጣ ገንዘብ ቆጥሮ፣ ቀለሙ ከዚያው ከቦሄሚያ ምድር የወጣ ሊሆን የሚችል ሳህን ተቀበለ። በሁለቱ መካከል ስንት ባሕርና ስንት ግመል አለ! ይሄን ዕቃ ለልዋጭ የሚሰጥ ካለ እኔ ከመሐል ሜዳ በእግሬ እመጣለሁ።


ጎረቤላ ጠጅ ቤት

ልጄ፣ እኔ የመምህሩን ያህል አላውቅም፤ ብርጭቆ ግን አርባ ዓመት በእጄ አጥቤአለሁ። ጎረቤላ ጠጅ እጥላለሁ።

ሳህኑን አትስጪ። እኔ ሰጥቼ የተቃጠልኩ ነኝ። እናቴ የተወችልኝ 12 የድሮ ብርሌ ነበረኝ፤ ውሃ ሰማያዊ፣ በአፍ የተነፋ፣ አንገቱ አንዱ ካንዱ የማይገጥም። ሆዱ ውስጥ እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቀ አረፋ ነበረው፤ ጠጅ ሲሞላ አረፋው ከጠጁ አረፋ ጋር ይቀላቀልና የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። አንድ ዓመት ገንዘብ አጠረኝና ሁሉንም በአንድ የሃያ ሊትር ጀሪካንና በሁለት ባልዲ ለወጥኳቸው። ጀሪካኑ በዓመቱ ተቀደደ። ብርሌዎቹን ዛሬም በሕልሜ አያቸዋለሁ።

የነቃና ያልነቃ እንዴት ይለያል ብትዪኝ፣ ዓይንሽን አትመኚው። ዕቃውን በመዳፍሽ ላይ ነጻ አድርገሽ አስቀምጪና ከንፈሩን በጥፍርሽ ቆንጠር አድርጊው። ደህና ከሆነ እንደ ቃጭል ያቃጭላል፣ ትንሽም ይቆያል። የነቃው ድንኩል ድምፅ ሰጥቶ ያቆማል። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ያሉት አባቶቻችን ይሄን ሰምተው ነው። የነቃውን ትኩስ አይንካው፣ እንግዳም አይጠጣበት፤ ከላይ መደርደሪያ ላይ ለዓይን ይኑር።

ውርጩንም ልንገርሽ። ሌሊት መስኮት አጠገብ ያደረ ብርጭቆ ላይ ጠዋት የፈላ ሻይ ከተጨመረበት ጠስ ብሎ ይከፈላል። ውስጡ ባንዴ ሲሞቅ ውጭው ገና በብርድ ስለተኮማተረ ነው። ወፍራሙ ከቀጭኑ ቀድሞ ይሄዳል። ለብ ባለ ውሃ አለቅልቀሽ፣ ማንኪያ ጨምረሽበት፣ ከዚያ ቅጂ። እዚህ አንኮበር ደጋ ላይ ሐምሌና ኅዳር ስንት ብርጭቆ ፈጅቶብኛል መሰለሽ።

አንገተ ጠባብ የሆነ ዕቃ ካለሽ ሽቦ አታግቢበት። ጥቂት ገብስ ከውሃ ጋር ጨምረሽ አንቀጥቅጪው፤ ጥጉን ሁሉ ይደርስበታል። ሽታ ከያዘ በግራዋ ቅጠል እጠቢው።


የፒያሳው አሮጌ ዕቃ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ አሮጌ ዕቃ እየገዛሁ እሸጣለሁ፤ የብርጭቆው ክፍል ልቤ ያለበት ነው።

ስለ ዕድሜው፦ ቼኮዝሎቫኪያ የምትባል አገር የተመሠረተችው እ.ኤ.አ. በ1918፣ ለሁለት የተከፈለችው በ1993 መባቻ ነው። ስለዚህ ያ ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ከዚያ ውጭ ሊሆን አይችልም። አያትሽ የነገረችሽ ደግሞ ከጽሑፉ ይልቅ ያጠብበዋል። በ1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዶላር ወጥቶ ጠገራን ከገበያ ማስወጣት ጀመረ፤ በገጠር ትንሽ ቢቆይም አባቷ በጠገራ የገዙት ከሆነ ከዚያ በፊት ወይም በዚያው ሰሞን ነው። በዚያ ላይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዩራኒየም ለጦር መሣሪያ ስለተፈለገ ለብርጭቆ ማግኘት ከበደ፤ አሜሪካኖቹ ከ1943 እስከ 1958 እ.ኤ.አ. ጭራሽ ከልክለውት ነበር። ሦስቱን ስትደራርቢ እኔ ከጦርነቱ በፊት የተሠራ ነው ብዬ እወስደዋለሁ። ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላ የቦሄሚያ ብርጭቆ እስከ ገጠር ገበያ መድረሱ አያስገርምም። አልዩ አምባ ደግሞ ከአንኮበር ቤተ መንግሥት ዘመን ጀምሮ የቆላ ነጋዴ ማረፊያ ነበረች።

በእጅሽ ልታረጋግጪው የምትችዪው ነገር አለ። ሳህኑን ገልብጠሽ የእግሮቹን ጫፍ በቀን ብርሃን እዪ። ሰማንያ ዓመት ጠረጴዛና ገበታ ላይ የተንቀሳቀሰ ዕቃ እግሩ ይፈገፈጋል፤ ጭረቱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የተዘበራረቀ ነው። ሆን ተብሎ ያረጀ ከሆነ ጭረቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል፣ አንድ ዓይነት ነው። በጎኑ ላይ ቀጭን ስፌት መሰል መስመር ካገኘሽ በቅርጽ ማውጫ ተጨፍልቆ የተሠራ ነው፤ የሰፌድ ስፌት ያልሽው ጉብጉብ እንደዚያ ይመስለኛል። ያ ዋጋውን አይቀንስበትም። ዛሬ እንደ አዲስ የሚሠራ ዩራኒየም ብርጭቆም ስላለ መብራት ብቻውን ዕድሜ አይነግርም። ይሄን የምለው የእኛ ሥራ ውስጥ መብራት እያበራ ብቻ የሚያስከፍል ስላለ ነው።

ሮዙ ዝርግ ሳህን ጓጉቼበታለሁ። አሜሪካን አገር እ.ኤ.አ. በ1929 ኢኮኖሚው ሲወድቅ ፋብሪካዎች በማሽን እየጨፈለቁ ሮዝ፣ አረንጓዴና የማር መልክ ያለው ርካሽ ሳህንና ብርጭቆ በብዛት አወጡ። ከአጃ እሽግ ውስጥ እንደ ስጦታ ይጨመር ነበር፤ ሲኒማ ቤትም ለተመልካች ይሰጥ ነበር። የደሃ ቤት ሳህን ነበር፤ ዛሬ ሰው እየፈለገ ይሰበስበዋል። አስተማሪዋ ከእናቷ ቤት ይዛው መጥታ ከሆነ ከዚያ ዘመን ሊሆን ይችላል። ጎኑና መሐሉ ላይ ያለውን ሥዕል ፎቶ አንስተሽ ብትለጥፊልን ጥሩ ነው፤ እነዚህ የሚለዩት በሥዕላቸው ነው፣ አብዛኞቹ ከሥር የፋብሪካ ስም የላቸውም።

አሁን ወደ አራቱ የማር መልክ ብርጭቆዎች። ከሥራቸው "ዱራሌክስ" እና "ፍራንስ" የሚል ካለ የፈረንሳይ ናቸው፤ ስሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው። ከሠሩት በኋላ አግለው ድንገት በማቀዝቀዝ ያጠነክሩታል። ለዚህ ነው ጆንያ ውስጥ ተወርውሮ የሚተርፈው። ሲሰበር ግን ስንጥቅ አያውቅም፣ እንደ በረዶ ፍሬ ባንዴ ይበተናል። ጉሙን በተመለከተ አንድ ፈተና አለ፦ ብርጭቆውን ውሃ ውስጥ ንከሪው። እርጥብ ሆኖ ጥርት ካለና ሲደርቅ ጉሙ ከተመለሰ፣ ኮምጣጤም ካልነካው፣ ጉሙ ቆሻሻ አይደለም፤ የብርጭቆው ቆዳ ተበልቷል። አመድ፣ በረኪናና ኃይለኛ የልብስ ሳሙና ለዓመታት ሲመላለስበት እንዲህ ይሆናል። አይመለስም። ዘይት ቀብተው የሚሸጡ አሉ፤ ሁለቴ ሲታጠብ ይገለጣል። ያንቺዎቹ እንዲያ ከሆኑ እንዳሉ ተጠቀሚባቸው፤ ለሌሎቹ ግን ለስላሳ ጨርቅ፣ ለብ ያለ ውሃና ጥቂት የዕቃ ሳሙና ብቻ።

የሚገዛሽ ሰው ከመጣ ደግሞ ዋጋ ከመጥራትሽ በፊት እዚህ ጻፊልን።


የጠባሴዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መምህር፣ የጻፉትን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የጨረሩን ዝም ብላ ሰማች። የታለሩ ጋ ስደርስ ግን "ቆይ፣ እሱን ድገሚው" አለችኝ። ሁለቴ አነበብኩላት።

መጀመሪያ የወንድሜን መብራት ተዋስኩና ሁለት መቶ ብር ላይ አበራሁ፤ ምልክቱ ቦግ አለ። አጠፋሁ፤ ጠፋ። ከዚያ ሳህኑን ከማገዶ ቤት አምጥቼ እንደዚያው አደረግሁ። እናቴ መብራቷን ከእጄ ተቀብላ ራሷ አምስት ስድስት ጊዜ አበራች፣ አጠፋች። አንድ ጊዜ በጣም አስጠግታ በከንፈሩ እጥፋት ዙሪያ ቀስ አድርጋ አዞረቻት፤ አረንጓዴው ከመብራቷ ጋር አብሮ ይዞራል። "እናቴ ይሄን ሳታይ ሄደች" አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

እግሮቹን በቀን ብርሃን አየሁ፤ ጭረቱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ነው፣ ጫፋቸው እንደ አረጀ ጥርስ ተፈግፍጓል። ከሦስቱ በሁለቱ እግሮች በላይ በኩል የቅርጽ ማውጫው መስመር አለ፤ አስራ አንድ ዓመት ዕቃ እየሰበሰብኩ አይቼው አላውቅም ነበር።

ጎረቤላ ያሉት እናቴ፣ የቆንጠራውን ፈተና 63ቱም ላይ አደረግሁት። ሦስት ዕቃ ድንኩል አሉ። አንዱ በጣም የምወደው ሰማያዊ ጆግ ነው፤ የነቃው እጀታው የተያያዘበት ቦታ ላይ ነው፣ በዓይን ፈጽሞ አይታይም። ከሸዋ ሮቢት ስመጣ ይሁን ከዚያ በፊት እንጃ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ወጥቷል።

የፒያሳው ወንድሜ፣ አራቱ ብርጭቆዎች ዱራሌክስ ናቸው። ውሃ ውስጥ ስነክራቸው እንደ አዲስ ጥርት ይላሉ፣ ሲደርቁ ጉሙ ይመለሳል። ጎረቤቴን ጠየቅኋት፤ እናቷ ዘመኗን ሁሉ በአመድ ነበር የምታጥባቸው። ከዚያ በኋላ ጉሙን ማስለቀቅ አላሰኘኝም። የሮዙን ፎቶ ነገ እለጥፋለሁ፤ መሐሉ ላይ የአበባ ቀንበጥ ነው ያለው።


መምህር ከመሐል ሜዳ

እህቴ፣ አንድ ነገር ሞክሪ። ጠዋት ፀሐይ ወጣ ስትል ሳህኑን ደጅ አውጥተሽ ጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀምጪው። ከፍታችን ላይ የማይታየው የፀሐይ ብርሃን ከቆላው ይበረታል፤ ያለ መብራትም ቢሆን አረንጓዴው ጠርዝ ጠርዙ ላይ ነቃ ብሎ ሊታይሽ ይገባል። ከሳሎን አምፖል ሥር ግን ቢጫ ይሆናል።


የጠባሴዋ

መምህር፣ ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አየሁት። ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። የእናቴን ጥቁር ሻሽ አንጥፌ አስቀመጥኩት፤ ፀሐዩ አጥሩን አልፎ ሲመታው የከንፈሩ እጥፋት በሙሉ አረንጓዴ ክር የተሰፋበት መሰለ። እናቴ ከነጋቢዋ ወጥታ አጠገቤ ቆመች። አያቴ ለዓመት በዓል ሳህኑን አጥባ ፀሐይ ላይ ታደርቀው እንደነበር፣ ያኔም እንዲህ እንደሚያበራና ልጆች ሆነው "ሎሚው ነቃ" ይሉ እንደነበር ነገረችኝ። እኔ ይሄን ሰምቼው አላውቅም።

ለፋሲካ ዳቦ ቆሎ ይቀርብበታል፤ ማሩን ወደ ሸክላ አዙረናል። የስኳር ዕቃዋም ጆጉ ጎን ወጥታለች።

ፕላስተርም ለጠፍኩበት። እናቴ እያለች እኔ ጻፍኩ፦ "አልዩ አምባ፤ በጠገራ የተገዛ፣ ከ1937 በፊት። ሎሚው ነቃ። ለደረቅ ነገር ብቻ።"

እናቴ ጎረቤላ፣ የልዋጭ ልጆቹን ሁሉ አስጠንቅቄያቸዋለሁ። ውሃ ሰማያዊ ብርሌ፣ አንገቱ ያልተካከለ፣ ሆዱ ውስጥ የጤፍ ፍሬ የመሰለ አረፋ ያለበት ካጋጠማቸው ወደ ሌላ ሳይወስዱ ወደ እኔ ያመጡታል። ካገኘሁ በባና ጠቅልዬ ራሴ አመጣልዎታለሁ።